የሞተሩ ጆሮ

«ጋሼ፣ መኪናው አልቆለታል አሉኝ» ብላ የሺመቤት ከጄኔቭ ስትደውል፣ ጉግሳ ዙሪክ አጠገብ ዲቤንዶርፍ በሚገኘው ቤቱ ጠረጴዛው ላይ ምስር ይለቅም ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ጉግሳ ይህን ቀጥ ያለ ድምፅ ያውቀዋል፤ ነገር ሲከብዳት እንዲህ ነው የምትናገረው።

«ማን ነው ያለው?»

«ጋራዡ። ኮምፒውተራቸውን ሰክተው አዩት። ሞተሩ ውስጥ ያንኳኳል፣ ፒስተኑ ተጎድቷል፣ ጥገናው ከመኪናው ይበልጣል፣ ሌላ ፈልጊ አሉኝ።»

«ሲያንኳኳ ሰምተሽዋል?»

«እኔ ምኑን አውቄው? ዳገት ላይ ይደክመዋል። ብረግጠው ብረግጠው እንደ ታመመ በቅሎ ይጎተታል። ሌላ የሰማሁት የለም።»

ጉግሳ የተለቀመውን ምስር ወደ ሳህኑ መለሰ። «ነገ እመጣለሁ» አለ።

«ኧረ ጋሼ፣ እንዲያው እንዲያውቁት ብዬ ነው እንጂ…»

«ነገ እመጣለሁ አልኩሽ።»

መኪናውን የሰጣት እሱ ነው። ግራጫ፣ ትንሽ፣ ባለ ቱርቦ መኪና። ጎረቤቱ የነበሩ አንድ አዛውንት መንዳት ሲያቆሙ ለቀቁለት፤ እሱ ደግሞ ሚያዝያን ሙሉ ሲፈታና ሲያስር ከርሞ፣ ካንዴላውን፣ ማጣሪያውን፣ ያረጁትን ቱቦዎች ለውጦ፣ አጥቦና ወልውሎ ጄኔቭ ድረስ ነድቶ አስረከባት። ቁልፉን ሲሰጣት ያለው «በደህና ንጂው» ብቻ ነው። ብዙ ሊላት አስቦ ነበር፤ አልወጣለትም።

ሊላት ያሰበው ይህን ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ባለቤቱ ኂሩት ለጥምቀት ጄኔቭ ሄዳ እዚያው ልቧ ደከመ። ሐኪሞቹ ከአልጋ አትነሣ አሉ። አሥራ አንድ ሳምንት ተኛች። ጉግሳ ያኔ ዙሪክ፣ አውቶቡስ ማደሪያ ውስጥ አጣቢ ነበር፤ ሊጠይቃት የሚችለው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። በቀሩት አምስት ቀኖች የሺመቤት ሄደችላት። ኂሩትን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አንድ ጊዜ ሰላም ከማለት በቀር አታውቃትም። ምግብ አብሳይ ሆና የምትሠራበት የዲፕሎማት ቤት በቀን ሁለት ሰዓት ዕረፍት ይሰጣታል፤ ሁለቱንም ሰዓት አውቶቡስ ይዛ ሆስፒታል ትመላለስበት ጀመር። ፀጉር ታበጥራለች፣ ገላ ታጥባለች፣ ሾርባ ታጎርሳለች። ሂጂ ያላት ሰው የለም። ኂሩት ስታርፍ እጇን ይዛ የነበረችው እሷ ናት፤ ጉግሳ ባቡር ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሲጸልይ ስሟን ሳይጠራ ቀርቶ አያውቅም። ከጸሎት ሌላ የሚያደርግላት ግን አልነበረውም፤ መኪናው እስኪገኝ ድረስ።

አሁን የሺመቤት መኪናውን የምትፈልገው ለሽርሽር አይደለም። ዲፕሎማቱ በወሩ መጨረሻ አገሩ ይገባል። እሷ ፔርሚ የምትለው፣ ጉግሳ በዙሪኮቹ አጠራር አውስቫይስ የሚለው የመኖሪያ ወረቀቷ፣ ከዚያ ቤት ጋር የታሰረ ነው፤ ቤቱ ሲዘጋ ወረቀቱም ያልቃል። አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረ የሚንከባከብ አንድ ድርጅት ሊቀጥራት ተስማምቷል። አሮጊቶቹና ሽማግሌዎቹ የሚኖሩት ከሐይቁ በላይ ባሉት ዳገታማ መንደሮች ስለሆነ፣ መኪና ያላት ብቻ ናት የምትቀጠረው። ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የሥራው ኃላፊ አጠገቧ ተቀምጣ ሙሉውን ዙር ታያታለች። ደህና ከሆነ በዚያው ቀን ይፈራረማሉ፤ ካልሆነ ወረፋ የያዘች ሌላ ሴት አለች። ኃላፊዋ ይህን በግልጽ ነግራታለች።

ስለዚህ ያላቸው ቅዳሜና እሑድ ነበር። ጉግሳ የመሣሪያ ሳጥኑን እግሮቹ መሃል አድርጎ ባቡር ላይ ሲቀመጥ ይህን ነበር የሚያስበው።

ጄኔቭ፣ ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ፣ የሺመቤት ቆማ ጠበቀችው። አጠገቧ ስምዖን አለ፤ ሃምሳዎቹን ያገባደደ የታክሲ ነጂ ነው፤ ፓኪ ሰፈር፣ ከባቡር ሐዲዱ ሥር፣ በር ያለው የመኪና ማቆሚያ ተከራይቷል። ጉግሳን ከቤተ ክርስቲያን ያውቀዋል።

«ጋሼ፣ ባቡርዎ ሁለት ደቂቃ አረፈደ» አለ ስምዖን ሳጥኑን እየተቀበለ። «ዙሪክ ሰምተው ሐዘን ላይ ናቸው ይባላል።»

«ያረፈደው እናንተ አገር ከገባ በኋላ ነው» አለ ጉግሳ።

የሺመቤት ሳቀች። ፊቷ ግን እንቅልፍ ያላየ ፊት ነበር።

መኪናው ማቆሚያው ውስጥ ነበር። ጉግሳ ኮፈኑን ከፈተ፤ ነገር ግን እጁን አልሰደደም። መጀመሪያ ዙሪያውን አየ፣ አሸተተ፣ ዘይቱን በጣቱ መሃል አሸት አደረገ። ብረት ብናኝ የለውም። ፒስተን ሲበላ ዘይቱ ያሳብቃል።

«የጋራዡ ሰው ሞተሩን ፈትቶ አይቷል?»

«የለም» አለች። «ሰክቶ፣ አንብቦ፣ ራሱን ነቀነቀብኝ።»

«እንግዲህ ያነበበው ሞተሩን አይደለም፤ ሞተሩ የነገረውን ነው» አለ ጉግሳ። ሁለቱም ስላልገባቸው፣ ብዙ ማውራት ባይወድም፣ አስረዳቸው። ቱርቦ ያለው ሞተር አየር ተጨምቆ ይገባለታል። ቤንዚኑ ሰዓቱን ጠብቆ ካልነደደ፣ ካለ ጊዜው ይፈነዳና ፒስተኑን እንደ መዶሻ ይመታዋል፤ ማንኳኳት የሚሉት ይህን ነው። ይህ እንዳይሆን ሞተሩ ላይ አንድ ጆሮ ተበጅቶለታል፤ ጣት የምታህል ሴንሰር ናት። ማንኳኳት ስትሰማ ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች፤ ኮምፒውተሩ እሳቱን ያዘገያል። እሳቱ ሲዘገይ ሞተሩ ይድናል፤ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል።

«ስለዚህ ደክሞት አይደለም፤ ፈርቶ ነው» አለች የሺመቤት።

ጉግሳ አያት። «ልክ ነሽ፤ ፈርቶ ነው። የፈራው ነገር በእርግጥ ይኑር አይኑር ነው የማናውቀው።»

ስምዖን ከመሪው ሥር የሚሰካ፣ ንባቡን ስልክ ላይ የሚያወጣ ትንሽ መሣሪያ ነበረው። ሰኩትና ወጡ። የሺመቤት ነዳች፣ ጉግሳ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ስምዖን ከኋላ ሆኖ ስልኩን ያዘ። እሳቱ በስንት ዲግሪ እንደዘገየ ነው የሚታየው፤ ዜሮ ከሆነ ሰላም ነው። የሐይቁን ዳር ይዘው ሄደው ወደ ኮሎኚ ዳገት ሲታጠፉ ጉግሳ መስኮቱን አወረደና ጆሮውን ወደ ድንጋዩ አጥር ሰጠ። የሞተር ድምፅ ከግንብ ላይ ተመልሶ ሲመጣ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ይህን የለመደው አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ አጠገብ ባለ ጋራዥ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሠራ ነው።

«ዜሮ» አለ ስምዖን። «ዜሮ። ዜሮ። ሦስት። ስድስት። ሰባት።»

«ሎተሪ አታስመስለው» አለች የሺመቤት።

«ሎተሪ ቢሆንማ በሰባት ቁጥር አንድ ነገር ይደርሰን ነበር። አሁንም ሰባት። ስምንት።»

መኪናው ሄደ ከማለት ቆመ ማለት ይቀላል። ከኋላቸው አንድ ሰውዬ ጡሩንባ ነፋ። ጉግሳ ግን ደስ አለው፤ ፊቱ ላይ ባያሳይም። ግንቡ የመለሰለት ድምፅ ንጹሕ ነው። በእውነት የሚያንኳኳ ሞተር ጣሳ ውስጥ እንደሚናጥ ጠጠር ይንኮሻኮሻል። ይህ አልተንኮሻኮሸም።

«የሽማግሌ ጆሮ ነው፤ አላምነውም» አለ ግን። አንድ ፈተና አይበቃውም።

ታንኩ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበርና ከፍተኛውን ቤንዚን፣ ዘጠና ስምንቱን አስሞሉ። እውነተኛ ማንኳኳት የተሻለ ቤንዚን ሲያገኝ ይቀንሳል። አዲሱ ነዳጅ ሞተሩ ጋ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ዞሩና እንደገና ወደ ዳገቱ ሄዱ።

«ሰባት» አለ ስምዖን። «ስምንት። ጋሼ፣ ይህች መኪና ውድ ቤንዚን አጠጣናት፤ ምስጋና የላትም።»

«ጥሩ ነው» አለ ጉግሳ።

«ምኑ ነው ጥሩው?» አለች የሺመቤት።

«ወደ ማቆሚያው ተመለሽ፤ አሳይሻለሁ።»

ማቆሚያው ውስጥ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጋ ቆማ ነዳጅ እንድትሰጥ አዘዛት። የቆመ መኪና ሸክም የለበትም፤ ሸክም የሌለበት ሞተር ካለ ጊዜው የሚፈነዳበት ምክንያት የለም።

«ቀስ ብለሽ። ጨምሪ። ጨምሪ።»

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ቅዳሜ ሞተር ማስጮህ ከስርቆት አይተናነስም» አለ ስምዖን። ባቡር በላያቸው ሲያልፍ ጠበቁና ከባቡሩ ጩኸት ሥር አስጮኹት።

«አራት» አለ ስምዖን ስልኩን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ። «ስድስት። ቆሞም ስድስት።»

ጉግሳ ሞተሩን አጥፊው አለ። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«ሞተርሽ ደህና ነው። ጆሮው ነው የሚዋሸው።»

የሺመቤት መሪውን እንደያዘች ግንባሯን እጇ ላይ ደገፈች። «ተመስገን» አለች ቀና ሳትል።

«ገና ነው» አለ ጉግሳ። «ለምን እንደሚዋሽ ካላገኘን ሰኞም ይፈራል።»

ጆሮውን የሚያታልል ነገር ብዙ ነው። የላላ ቆርቆሮ፣ ብረት የሚነካ ቱቦ፣ ሞተሩ የሚያርፍበት ያረጀ ጎማ፤ ከእነዚህ አንዱ ሲንቀጠቀጥ ጆሮዋ ማንኳኳት ይመስላታል። ጉግሳ ረጅሙን ካቻቢቴ አወጣና ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሞተሩን እንደ ሐኪም አዳመጠ። የጭስ ማውጫውን የሙቀት መከለያ በእንጨት ደግፎ ይዞ ነዳጅ አሰጠ፤ ስድስት። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቅልሎ አለያየ፤ ስድስት። ሥር ገብቶ ጀርባው ላይ ተኝቶ የሞተሩን ጎማዎች በብረት አነቃነቀ፤ ጠንካራ ናቸው። ሲወጣ ስምዖን እጁን ይዞ አነሣው፤ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው።

ስምንት ሰዓት ሆነ። የሺመቤት ይዛ የመጣችውን ዳቦና ሽሮ ቆመው በሉ። ስምዖን ስለ ደንበኞቹ ቀልድ ያወራል፤ ጉግሳ አይሰማም። ዓይኑ ሞተሩ ላይ ነው። ሱቆች በጊዜ ይዘጋሉ፤ ነገ ጭራሽ አይከፈቱም። የቀረው አንድ ነገር ነው። እሱን ደግሞ ከመጀመሪያ ጀምሮ ሊያነሣው አልፈለገም።

«ሴንሰሯን በሚያዝያ ለውጬያታለሁ» አለ በመጨረሻ። «አሮጌዋ መሰኪያዋ ተሰንጥቆ ነበር። አዲስ ናት፤ ልትበላሽ አይገባም። ግን እስቲ ስለሷ የተጻፈ ነገር ካለ ፈልጉልኝ።»

ስምዖን ስልኩ ላይ ፈልጎ አገኘ። መነጽሩን ታክሲው ውስጥ ስለተወ ስልኩን ለየሺመቤት ሰጣት። ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ነው። ጉግሳ ሠላሳ ዓመት የኖረው ጀርመንኛ በሚነገርበት አገር ነው፤ ፈረንሳይኛ ቦን ዡር ላይ ያልቅበታል። የሺመቤት ደግሞ ፈረንሳይኛን የተማረችው ኩሽና ውስጥ ነው።

«ሴንሰሩ ንጹሕ በሆነ የሞተር ብረት ላይ…» አለች ቀስ እያለች፤ «በቀጥታ ይቀመጣል። ብረት ለብረት። ከዚያ… በሃያ… ሃያ ይላል፣ የምን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ አትሳሳቱ ብሎ በጥቁር የጻፈው… ቆይ።» ሳቀች። «ያለ ካሮት ይላል።»

«ምን?» አለ ስምዖን።

«በእውነት! ሳን ሮንዴል። ሮንዴል ማለት ካሮት በክብ በክቡ ሲከተፍ ነው። ዱባም ይሆናል። ማዳም ሁልጊዜ 'በሮንዴል ክተፊው' ነው የምትለኝ። ሴንሰሩን ያለ ክትፍ ካሮት እሠሩት ይላል።»

ስምዖን ሳቁን ለቀቀው። ጉግሳ ግን አልሳቀም።

«እንደገና በይው።»

«ሳን ሮንዴል።»

«ሮንዴል» አለ ጉግሳ። «ራንዴላ።»

ፈረንሳይኛ ባያውቅም ይህን ቃል ያውቀዋል። ጣልያኖች አዲስ አበባ ጋራዦች ውስጥ ትተውት የሄዱት ቃል ነው፤ ብሎን ሥር የሚገባው ክብ ብረት። አለቃው የነበረው ግዛው፣ ራንዴላ ያልገባበት ብሎን ካየ፣ መኪናው በር ላይ ደርሶም ቢሆን አስመልሶ ያስፈታ ነበር። ከሁሉም ይልቅ የሚንቀጠቀጥ ቦታ ላይ፤ ባለ ስፕሪንጉን ራንዴላ ከታችም ከላይም፤ ከዚያ መፍቻው አልሄድ እስኪል ማጥበቅ። ጉግሳ ሃምሳ ዓመት እንዲህ ነው ያሠረው። በባቡር ይዞት የመጣው ሳጥን ውስጥ እንኳ የራንዴላ ጣሳ አይጠፋም። በሚያዝያም ጣሳውን ከፍቶ፣ ሁለት ጥሩ ጥሩዎቹን መርጦ፣ ክንዱን እስከ ትከሻው ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ሥር ሰድዶ፣ ትንፋሹን ይዞ አጥብቋት ነበር። የየሺመቤት መኪና ስለሆነ ከሌላው ጊዜ የበለጠ አጥብቋታል።

ጃኬቱን አወለቀ። ክንዱን ወደ ውስጥ ሰደደ። ብሎኗ አልላላ ብላ ታገለችው፤ በረጅም ቱቦ አስረዝሞ ፈታት። ሴንሰሯ መዳፉ ላይ ወጣች፤ ከሥሯ አንድ፣ ከላይዋ አንድ፣ ጥርሳቸው ብረቱን የነከሰ ሁለት ራንዴላ። ሞተሩን መንካት ያለባት ጆሮ ሞተሩን አልነካችውም። ሁለት ስፕሪንግ መሃል ተጨፍልቃ፣ የሰማችውን ሁሉ ማንኳኳት አድርጋ ስታወራ ነበር።

የሺመቤትና ስምዖን አሁንም በካሮቱ ይሳሳቃሉ። አላዩትም። ራንዴላዎቹን ኪሱ ቢከት ማንም አያውቅበትም፤ ጎበዝ መካኒክ ተብሎ ይመለሳል። ጉግሳ ይህን አሰበ፤ አሰበውም እንጂ አላደረገውም። መዳፉን ዘርግቶ ወደ እነሱ ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ?» አለች የሺመቤት።

«ይህን ያስገባሁት። አያስፈልጋትም ነበር። አንቺ መኪናሽን አላበላሸሽም፤ ነዳጁም፣ ሞተሩም አይደለም። እኔ ነኝ።» ድምፁ ደረቅ ነበር። «ሥራሽን ላሳጣሽ ነበር።»

የሺመቤት ራንዴላዎቹን አየች፤ ከዚያ ፊቱን አየች።

«ጋሼ፣ ለዚህ ነው ፊትዎ እንዲህ የጠቆረው?»

«ሌላ ለምን ይጠቁራል?»

እሷ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «አንድ ነገር ልንገርዎ። ሰባት ዓመት ይዤዋለሁ። እትዬ ኂሩትን አንድ ቀን ሳጥባቸው ውሃው ፈላ ያለ መሆኑን ሳላይ ክንዳቸውን አቃጠልኳቸው። ቀላ፣ ውሃ ቋጠረ። ሌላ ሰው ይምጣላቸው፣ እኔ አልችልም ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ምን አሉኝ? 'ይህን ጉግሳ እንዳይሰማ፤ ነገ ደግሞ ቀዝቀዝ አድርገሽ ነዪ' አሉኝ። እርስዎ ቅዳሜ ሲመጡ እጅጌያቸውን አውርደው ጠበቁዎት።»

ጉግሳ ያን ቅዳሜ አስታወሰው። ክፍሉ ሞቃት ነበር፤ ኂሩት ግን ረጅም እጅጌ ለብሳ ነበር፤ በርዶኛል አለችው። አሥራ አንዱን ሳምንት ሁሉ ሲያስበው ሐዘን ብቻ ነበር የሚመስለው። ሁለቱ ሴቶች ከእሱ ደብቀው የሚመሣጠሩበት ቀን መኖሩን አላወቀም ነበር።

«አላየሁም» አለ።

«እንዳያዩማ አይደል።» ተነሣችና ቀሚሷን አራገፈች። «በሉ አሁን ቀዝቀዝ አድርገው ይሥሩልኝ።»

ጉግሳ ራንዴላዎቹን መልሶ ጣሳው ውስጥ ጣላቸውና ብረቱን በጨርቅ እስኪያበራ ወለወለ። ነገር ግን ሃያ የሚለው የብሎኗ ማጥበቂያ ልክ ነው፤ በክንዱ ሊለካው አልፈለገም። ክንዱን ዛሬ አላመነውም። ልኩ ሲደርስ ቀጭ የሚል መፍቻ ያስፈልጋል። ስምዖን የጎማ ብሎን የሚያጠብቅበት አለው፤ እሱ ግን ትልቅ ነው፤ ከአርባ ነው የሚጀምረው።

«ብስክሌት ሠሪው!» አለ ስምዖን። «መንገዱ ማዶ አንድ ፖርቱጋላዊ አለ። የሚሠራቸው ብስክሌቶች ከኔ ታክሲ ይወደዳሉ፤ ብሎናቸው ከልክ በላይ ከጠበቀ ይሰነጠቃሉ ብሎ እያንዳንዷን በልክ ነው የሚያሥረው።»

ሊዘጋ ሲል ደረሱበት። ሰውዬው ትንሿን መፍቻ ከተሰቀለችበት አውርዶ፣ ቁጥሯን ሃያ ላይ አዙሮ፣ ራሱ ይዞ መጣ፤ መፍቻዋን ለማንም አያውስም። ጉግሳ ክንዱን ሰደደ። ብሎኗን በጣቱ አስጀመረ፣ መፍቻዋን አስገባ፣ ገፋ። ገና ምንም ሳይታገል ቀጭ አለች።

«ይኸው ነው?» አለ።

ፖርቱጋላዊው ራሱን ነቀነቀ፤ ይኸው ነው። ለጉግሳ ልቅ መሰለው። ሌላ ሩብ ዙር ሊጨምር እጁ ተነሣ፤ እንዳለ መለሰው። መፍቻዋን ለባለቤቷ ሰጥቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠው። በምን ቋንቋ እንደሚያመሰግነው ስላላወቀ በአማርኛ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለው። ሰውዬው የገባው መሰለ።

«ዜሮ» አለ ስምዖን፣ ቆመው ሲያስጮኹት። «ዜሮ። አሁንም ዜሮ።»

ዳገቱ ላይ ግን ጉግሳ ከኋላ ልቀመጥ አለ፤ ስልኩንም አላየም። የሺመቤት ወደ ኮሎኚ ስትታጠፍ ረገጠችው። ቱርቦው ፉጨቱን ለቀቀ፣ መኪናው ወገቡን ሰብሰብ አድርጎ ወጣ። ግንቡ በመስኮቱ በኩል ሽው አለ። አንድም ሰው ጡሩንባ አልነፋባቸውም።

«ቀስ በይ!» አለ ስምዖን የበሩን እጀታ ይዞ። «ሎተሪው ደርሶሻል፣ ቀስ በይ!»

ጉግሳ የሺመቤትን በኋላ ማሳያው መስተዋት ያያት ነበር። ወደ መንገዱ እያየች ትስቃለች፤ እንባዋ ደግሞ ይወርዳል፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። ለኂሩት የሚነግራት ነገር አገኘ፤ ነገ ጠዋት በጸሎቱ ይነግራታል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊመለስ ይችል ነበር። አልተመለሰም። ስምዖን ቤት አደረ፤ ሰኞ ማለዳ ተነሥቶ ባቡር ጣቢያው ሄደና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የባቡሩ ሰዓት አለፈ፤ የሚቀጥለውም አለፈ። አሁን እንግዲህ እጁ የማይደርስበት ቦታ ነው ነገሩ ያለው። አንድ ሰዓት ሲሆን ኃላፊዋ መኪናው ውስጥ ትገባለች። አንድ ከሩብ ላይ ዳገቱ ይጀምራል። ሁለት ሰዓት። ሦስት። መቁጠሪያውን እያንከባለለ ጠበቀ።

ስልኩ የጮኸው ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው።

«ጋሼ፣ ባቡር ላይ ነዎት?»

«ጣቢያ ነኝ። ንገሪኝ።»

«ሰባት ቤት ገባን። አንዱ ሽማግሌ ካልሲ ሳጠልቅለት አንቺን ነው የምፈልገው፣ ያቺ የበፊቷ እጇ ቀዝቃዛ ነው አለ። ፈረምኩ፤ ለፔርሚው የሚሆነውንም ደብዳቤ ሰጡኝ፤ ይኸው እጄ ላይ ነው።»

ጉግሳ ቆቡን አወለቀ። «ሴትዮዋ ስለ መኪናው ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ።

«ስለ መኪናው?» አለች የሺመቤት፤ ማሰብ እንዳለባት ሁሉ። «ምንም አላለች። ዳገቱን ሙሉ ስለ ድመቷ ሕመም ስታወራኝ ነበር። ቁልቁል ስንመለስ እንቅልፍ ወሰዳት።»

«ምንም አላለች» አለ ጉግሳ።

«ምንም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጥሩ መኪና ነው።»

«ጋሼ…» አለች፤ እሱ ሰባት ዓመት እንደቸገረው፣ እሷንም አሁን ቃል ቸገራት። ጉግሳ አዳናት።

«እኔ ነኝ የማመሰግንሽ፣ የሺ» አለ። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ገረመው። «ስለ ኂሩት። ስለ እጅጌውም። ስለ ሁሉም።»

መልሷን ለመስማት ስልኩን ከጆሮው ጋር አጣበቀ፤ ወዲያው ደግሞ ትንሽ ላላ አደረገው። የዙሪኩ ባቡር መድረኩ ላይ ሲገባ እሷ ገና እያወራች ነበር፤ ስለ ሽማግሌው ካልሲ፣ ስለ ድመቷ፣ ስለ ነገው ዙር። ጉግሳ ሳጥኑን አንሥቶ እያዳመጣት ገባ።